እጁን ማን አነሳው?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የፈቃድ መጠየቂያ እንኳ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ እጄ ከእርሳስ ይልቅ ቢላዋ ለመደ። ይህን ለመጻፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ። ነገሩ እዚህም እዚያም ቢልባችሁ ይቅር በሉኝ።

ስሜ ጸጋነሽ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣ ዓሣ በሚሸጥበት ቤት ፊሌቶ አወጣለሁ። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ አስረክባለሁ ማለት ነው። ሰው ሲያናግረኝ ቀና አልልም፤ የምመልሰው ዓሣውን እያየሁ ነው። አብራኝ የምትሠራው እትዬ ብዙነሽ ለደንበኛ ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ከዓሣ ጋር ውላ ዓሣ ሆናለች። አፏ ይከፈታል እንጂ ድምፅ የለውም» ትላለች።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ፣ መረብ ሲስብ አዞ ቀኝ እጁን ያዘው። ጓደኞቹ በመቅዘፊያ ደብድበው አስጣሉት። እጁ ግን የሚድን አልሆነም፤ ሐኪሞቹ ከክርኑ በታች ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በግራ እጁና በእግሩ ጣቶች የሰው መረብ ይጠግናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞረዱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ የኔን ቢላዋ ይስልልኛል። ቢላዋው ድሮ የሱ ነበር።

የሌለው እጁ ግን ዛሬም ያመዋል። ዝናብ ሊጥል ሲል፣ «ጣቶቼ ተጨብጠው ቀሩ፤ አልዘረጋ አሉኝ» ይላል። እኔ ያን ስሰማ ከቤት እወጣለሁ። ስለዚያ እጅ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነበረኝ። ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ወደ ዓሣ ቤቱ መጡ። በራችን ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው የሆድ ዕቃ እስክንጥልላቸው ይጠብቃሉ። ወንዱ በመሃላቸው አልፎ ገባ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የሆነ ጸጉራም ነገር ይዟል።

«ድመት ከሆነ ደጅ እሰረው» አለች እትዬ ብዙነሽ። «እዚህ ዓሣ አለ።»

«ማይክራፎን ነው እትዬ። ጸጉሩ ነፋስ እንዳይገባበት ነው።»

«ታዲያ ማንን ልታናግሩ ነው?»

«ዓሣውን።»

እትዬ ብዙነሽ ሳቀች። ሴቷ ረድኤት እንደምትባል፣ እሱ ናትናኤል፣ ባጭሩ ናቲ እንደሚባል ነገሩን። የኮምፒውተር ጌም እየሠሩ ነው።

«የኳስ?» አለች እትዬ ብዙነሽ። እዚህ ከተማ ጌም ቤት ገብቶ ከኳስ ሌላ የሚጫወት ብዙ አይታይም።

«አይደለም» አለች ረድኤት። «የተረት ዓለም ነው። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይሆናል። በተራራና በሐይቅ መሃል ይጓዛል፣ ሰው ያናግራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ እያደገ ይሄዳል። ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚመርጠው ራሱ ነው።»

«ሰይፍም አለው» አለ ናቲ። «እኛ አጥንት ሲሰበር፣ ሥጋ ሲቆረጥ ያለውን ድምፅ ነው የምንፈልገው። እውነተኛውን።»

አምባዛ የሚባለው ዓሣ ራሱ ጠንካራ ነው። ቢላዋውን መገጣጠሚያው ላይ አድርጌ በመዳፌ መታሁት። ናቲ ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ ይዞ ዓይኑን ጨፈነና፣ «ኦ! ይሄ ነው!» አለ። ሥራዬን እንዲህ ያደነቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ግን ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፣ አባ ኮዳዎቹ መንቁራቸውን አንኳኩ፣ ቅጂው ተበላሸ።

«ነገ እኛ ጋ ሴቻ ትመጪልናለሽ?» አለኝ።

እኔ ዓሣውን አየሁ። እትዬ ብዙነሽ መለሰችልኝ፤ «ትመጣለች። ይቺ ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው።»

በማግስቱ ሁለት አምባዛ በባልዲ፣ ቢላዋዬን በጨርቅ ይዤ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ወጣሁ። የሚሠሩበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ተመቶበታል። ሙቀቱ አይጣል። ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘርግተን ሥራ ጀመርን። ቆረጥኩ፣ ሰበርኩ፣ ቆዳ ገፈፍኩ። ናቲ የሥጋው ድምፅ ግን አልጣመውም፤ ዓሣ ስስ ነው፣ የሰው ጭን አይመስልም አለ።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ «የሙዝ ግንድ» አልኩ። «የሙዝ ግንድ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ ብትቆርጠው…»

«ተናገረች!» አለች ረድኤት እጇን አጨብጭባ።

ናቲ ወርዶ ከግቢው ጀርባ የወደቀ የሙዝ ግንድ ጎትቶ መጣ። ጠቅልለን ቆረጥነው። ድምፁን ስንሰማ ሦስታችንም ፊታችንን አጨማደድን። ልክ ነበር። በዚያች ሰዓት፣ ሥራ ብለው ቢቀጥሩኝ ብዬ እስክመኝ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እነሱ መከራከር ጀመሩ። የቆየ ክርክር መሆኑ ያስታውቃል፤ እንደ ባልና ሚስት አንዱ ሌላው ምን እንደሚል ቀድሞ ያውቀዋል።

«ድምፁ ይበቃል» አለች ረድኤት። «ድምፁ ካለ ደሙና የተቆረጠው እጅ ለምን ይታያል? ተረት ነው የምንናገረው ወይስ ቄራ ነው የምናሳየው?»

«ረዲ፣ ሰይፍ እኮ ነው! ሰይፍ መትቶ ካልቆረጠ ዱላ ነው። ተጫዋቹ ኃይሉን በምን ያውቀዋል?»

«እናቴ ብታየው የት እገባለሁ?»

«እናትሽ ይጫወቱታል እንዴ?»

«የእናትህ ልጅ ይጫወተዋላ! ታናሽህ።»

ናቲ ወደኔ ዞረ። «ቢላዋ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂን። ነይ እይው።»

ወንበር ሰጡኝ። ስክሪኑ ላይ ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ አለ። ውሃው ከጫሞ ይልቅ ሰማያዊ ነው። ሰይፍ የያዘች ሴት ዳር ዳር ትሄዳለች። አንድ ሽፍታ መንገድ ዘጋባት። ናቲ የቀዳነውን ድምፅ አስገብቶ አንዲት ነገር ተጫነ። ሰይፉ ወረደ፤ የኔ አምባዛ «ቀጭ» አለ፤ የሰውዬው እጅ ከክርኑ ላይ ተቆርጦ እየተሽከረከረ ተነሳ። ደም እንደ ቦይ ውሃ ተፈናጠረ። እጁ አሸዋው ላይ ወደቀ። መዳፉ ክፍት ነው። አየሁት። እያየሁት ጠፋ።

«ወዴት ሄደ?» አልኩ።

«ማን?»

«እጁ።»

«እሱማ ይጠፋል» አለ ናቲ። «አምስት ሰከንድ ነው የሚቆየው። የወደቀው ሁሉ መሬት ላይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ይጨናነቃል። እይ።» ሌላ ሽፍታ መጣ። ቀጭ። እጁ ወደቀ፣ ጠፋ። ሌላ መጣ። ቀጭ። እሱም ጠፋ። ናቲ ልጅ አሻንጉሊቱን እንደሚያሳይ ነበር የሚያሳየኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። በአምስተኛው ላይ ተነሳሁ።

«ሥራ አለብኝ።»

«እንዴ! ጸጌ! ዓሣሽን! ባልዲውን!»

አልተመለስኩም። ከሴቻ እስከ ሲቀላ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ወረድኩ። ባጃጆች አጠገቤ እየቀነሱ ይጠሩኛል። ባጃጅ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። ጭኖቼ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ መሰለኝ።

አሁን ያ ያልኳችሁ ቦታ ደረሰ። አባቴ እጁን የተቆረጠ ቀን እናቴ አልጋው አጠገብ ነበረች። ነርሷ እጁን በጥቁር ፌስታል ቋጥራ ለአጎቴ ለዳና ሰጠችው። ሬሳ እንደሚቀበር ሁሉ፣ ከሰው የተለየ አካልም ይቀበራል እንጂ አይጣልም። አጎቴ ለመቆፈሪያ ከሰው የተዋሰውን ዶማ ይዞ ስለነበር ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። የሰው እጅ እንዲህ ይመዝናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በፌስታሉ በኩል ጣቶቹ ይታወቁኝ ነበር። ተጨብጠዋል። መረቡን እንደያዘ ነው። ልዘረጋቸው ፈለግሁ። ፈራሁ። የአጎቴ ማሳ ያለበት መንደር፣ ጫኖ፣ እስክንደርስ ድረስ፣ አሁን እዘረጋቸዋለሁ፣ አሁን፣ አሁን እያልኩ ደረስን። አጎቴ ማሳው ውስጥ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር ቆፈረ። እንደተጨበጡ ተቀበሩ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ አጎቴ። «ሆስፒታሉ አስቀረው እንለዋለን። ቦታውን ካወቀ ልቡ ከዚያ አይነሳም።»

አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ያን ቦታ የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። አባቴ «ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ» ባለ ቁጥር፣ ያልዘረጋሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስወጣ ስገባ ኖርኩ።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ ሞረዱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተቀምጧል።

«ቢላዋሽን አምጪ።»

«ረሳሁት።»

«የት?»

«ሴቻ። ልጆች ዘንድ።»

«ልጆች በኔ ቢላዋ ምን ያደርጋሉ?»

መዋሸት አልችልበትም። ዝም ማለት ነው የምችለው፤ ያን ጠዋት ግን ዝምታው አላዋጣኝም። «ድምፁን ቀዱት» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። «የቢላዋ ድምፅ! እኔ ስንት ዓመት ስስለው ማንም አልቀዳኝም። ተነሺ፣ አብረን እንሂድና ያሰሙኝ።»

ሳንደርስ የምንመለስበትን ምክንያት ስፈልግ ሄድኩ። ሩቅ ነው አልኩት፤ እግሬ ደህና ነው አለኝ። ላይኖሩ ይችላሉ አልኩት፤ እንጠብቃለን አለኝ። ፎቁን ስንወጣ ልቤ ከኔ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

የከፈተልን ናቲ ነው። የአባቴን ኮት አየ፤ ባዶው እጅጌ ኪሱ ውስጥ ተከቷል። ከዚያ እኔን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ሮጦ ስክሪኑን አጠፋው።

«ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አለች ረድኤት። ወንበሩን እየጠረገች በዓይኗ ናቲን ትቆጣለች።

«የልጄን ሥራ አሰሙኝ» አለ አባቴ።

«አባባ፣ ባያዩት ይሻላል» አለ ናቲ።

«ዓሣ መቁረጥ ምን የማይታይ ነገር አለው?»

ረድኤት የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። እኔ የግድግዳውን ብርድ ልብስ ክር እየመዘዝኩ ነበር። አባቴ ሁላችንንም በተራ አየን፤ አጥማጅ ነው፣ ውሃው ዝም ሲል ከሥሩ ምን እንዳለ ያውቃል።

«አብራው» አለ።

ናቲ አበራው። ጭጋግ፣ ሐይቅ፣ ሴትዮዋ። ሽፍታው መጣ። ቀጭ። እጁ ወደቀ። ጠፋ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«አንድ ጊዜ ደግመህ አሳየኝ።»

ሦስተኛው ካለቀ በኋላ አባቴ፣ «ደሙ በዝቷል» አለ።

ረድኤት ናቲን ገላመጠችው፤ አልነገርኩህም? ማለቷ ነው።

«ደሙ ግን ግድ የለም» አለ አባቴ። «ከኔም ብዙ ፈሷል። ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እጁን የማያየው?»

«እንዴት አባባ?» አለ ናቲ።

«ሰው እጁ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። የመታውን አያይም። የኔ ነው? ይላል። ይሄ ግን ዞሮ ይዋጋል።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ደግሞ እጁን ማን አነሳው?»

«ማንም። በራሱ ይጠፋል።»

«እጅ በራሱ አይጠፋም» አለ አባቴ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። ስክሪኑን እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነበር። «እኔም ስነቃ አልነበረም። ሆስፒታሉ አስቀረው አሉኝ። ሆስፒታል ሕንጻ ነው፤ ሕንጻ እጅ አያነሳም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንስቶታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማስበው እሱን ነው፤ ማን ይሆን ያነሳው?»

በሩ አጠገቤ ነበር። መውጣት እችል ነበር፤ ሁልጊዜ የማደርገው እሱን ነው። ያን ቀን ግን አልወጣሁም።

«እኔ ነኝ አባባ።»

አልዞረም። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።»

«የት?»

«ጫኖ። የአጎቴ የዳና ማሳ ውስጥ። ከማንጎው ሥር።»

አባቴ ተነሳ። ናቲ ቢላዋዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ረድኤት ታለቅስ ነበር።

ጫኖ ድረስ በባጃጅ ሄድን። ያን መንገድ በባጃጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ሄጄበት አላውቅም ነበር። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፌስታሉን፣ ዶማውን፣ አጎቴ ያለኝን። የጣቶቹን ነገር መጨረሻ አደረግሁት። «ተጨብጠው ነበር። ልዘረጋቸው እችል ነበር። አልዘረጋኋቸውም። ለዚህ ነው የሚያምህ» አልኩት። አባቴ የሙዝ ማሳውን እያየ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ለእናንተ ለምታነቡት ልናገር። እነ ናቲ ጌማቸውን አላቆሙም፤ ማቆምም አልነበረባቸውም። ከሳምንታት በኋላ ረድኤት ደወለችልኝ። አሁን የተቆረጠ እጅ መሬት ላይ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው፣ ወስዶ ሊቀብረው ይችላል። ትቶትም ሊሄድ ይችላል፤ ሲመለስ ግን እዚያው ያገኘዋል። ለሙከራ የተጫወቱ ልጆች ሰይፋቸውን ከመምዘዛቸው በፊት ማሰብ ጀመሩ አለችኝ። ናቲ ደግሞ ከኋላዋ፣ «ጨዋታው ዘገየ በያት!» ይላል። ደሙን ቀንሶታል፤ አላጠፋውም። አሁንም ይጨቃጨቃሉ። የኔ አምባዛም እዚያው አለ፤ ድምፄን አውጡልኝ አላልኩም።

በጌም ውስጥ ምን ያህል ደም ይፍሰስ፣ ስንት አካል ይቆረጥ ብትሉኝ በሊትር መልስ የለኝም። እኔ ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ያስፈራኝ የፈሰሰው አይደለም። ያስፈራኝ መጥፋቱ ነው። የምትጫወቱ ልጆች ብትኖሩ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፤ ሰውዬው ሲወድቅ፣ ቀጣዩን ከመምታታችሁ በፊት፣ ይህን የሚያነሳው ማነው በሉ። ምናልባት አንዲት አሥራ አንድ ዓመቷ የሆነች ልጅ ናት።

በእኔ ላይ ደግሞ ተአምር አልመጣም። አባቴን እጁ ዛሬም ያመዋል። ሲያመው ግን «ጫኖ ዝናብ ሊጥል ነው» ይላል፤ እኔም ከቤት አልወጣም። እትዬ ብዙነሽ፣ «ዓሣዋ ቀና ማለት ጀመረች» ብላ ለደንበኞች ታወራለች። እውነቷን ነው። ይህንንም ጻፍኩ አይደል?

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ማንጎው ሥር ስንደርስ ቦታውን በእግሬ ሳይሆን በእጄ አሳየሁት። አባቴ ተንበረከከ። የረገፈውን ቅጠል ጠረገ፤ ግራ እጁን አፈሩ ላይ አኖረው፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ። ብዙ ቆየ። እኔ ቆሜ መቀመጥ፣ ተቀምጬ መነሳት ሆነ ሥራዬ።

በመጨረሻ ቀና አለ። ፊቴን አላየም። ጭኖቼን ነው ያየው።

«ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር» አለ።

«አዎ አባባ።»

ከዚያ በጋሞኛ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ ጠየቀኝ፤

«ከብዶሽ ነበር?»